የጤፉን ዳኛ ማን ሾመው?

ባለፈው ኅዳር ግንደወይን ላሉት አጎቴ ደውዬ ነበር። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ስለ አጨዳው፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ዘመድ ጤና አውርተን ጨረስንና ጨዋታ ለማራዘም ያህል የጤፉን የፓተንት ታሪክ ነገርኳቸው። የጤፍ ዱቄት አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት የአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ «ፈጠራ» ተብሎ ተመዝግቦ እንደነበር፣ በኋላ ሄግ ላይ ያለ ፍርድ ቤት እንደሰረዘው። የጠበቅሁት ሳቅ ወይም እርግማን ነበር።

«ማን ከሶ ነው ልጄ? መንግሥት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። የእነሱው ሁለት ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰው ነው።»

«እኛስ?»

«እኛ የለንበትም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ዳኛው በሌላ በኩል ቢፈርድስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ሳልሰጥ መስመሩ ተቋረጠ። እውነቱን ለመናገር ባይቋረጥም መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን መመለስ ስላቃተኝ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የያኔው የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ «ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል» ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያ ያገኛል፣ ኢትዮጵያ ከትርፉ ትካፈላለች። በወረቀት ላይ ያማረ ውል ነበር። ግን ኩባንያው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት ማመልከቻ ለአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አስገብቶ ነበር፤ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ውሉም አብሮት ሞተ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም፣ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ጥቂት የምርምር ሥራ ነው። የዘረመል ሀብትን ስለ መጠቀምና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

«ፈጠራው» ምን ነበር? ዱቄት በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚለካ ቁጥር አለ። ፓተንቱ ጤፉ ሲፈጭ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 ይሁን ይላል፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ እህሉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ ይፈጭ። አያቴ «ከአውድማ የገባ ጤፍ ጎታ ውስጥ ይረፍ፣ አትቸኩሉ» ይሉ ነበር። ቁጥሩን አያውቁትም፤ እንጀራውን ግን ያውቁታል።

የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ ላይ የሚደርስ ነገር የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። ዜናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሁለት ወር በላይ አልፎታል። ያኔ ትዊተር ላይ «አሸነፍን!» የተባለውን ታስታውሱ ይሆናል። ኧረ ማን አሸነፈ? የፓተንቱ ባለቤት ከእሱ ፈቃድ ውጭ የጤፍ ምርት ሸጠብኝ ብሎ አንድ የዳቦ ግብዓት አቅራቢ ከሰሰ፤ ተከሳሹ «ፓተንቱ ራሱ የማይረባ ነው» ብሎ ተከላከለ፤ ዳኞቹም ተስማሙ። ኢትዮጵያ በዚያ ችሎት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ያዳነን የአንድ ነጋዴ «አልከፍልም» ባይነት ነው። ሌላም አለ፦ ፍርዱ የሠራው ኔዘርላንድስ ውስጥ ብቻ ነው። ጀርመንን፣ እንግሊዝን፣ ጣሊያንን አልነካም። የአውሮፓ ፓተንት በአንድ ቢሮ ቢሰጥም ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ተሰንጥቆ የየአገሩ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ነገር ነበር።

«ነበር» ያልኩት ነገሩ ስለተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አውሮፓውያን የጋራ የፓተንት ፍርድ ቤት አላቸው። በ17 አገሮች ጀመረ፣ በ2024 ሩማንያ ስትገባ 18 ሆኑ። በአንድ ክስ፣ በአንድ ፍርድ ፓተንቱ በሁሉም ይጸናል ወይም በሁሉም ይወድቃል። በእጃችሁ ያለው ስልክ ኦፖ ከሆነ የዚህን ፍርድ ቤት ጡንቻ ኩባንያው ቀምሷታል፦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ማንሃይም ከተማ ያለው ምድብ ለፓናሶኒክ ፈርዶ ኦፖን በበርካታ አገሮች ሽያጭ እንዲያቆም አዘዘው። የጤፉ ክስ ለዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን በአባል አገሮቹ ሁሉ ከጤፍ ላይ እጁ ይነሳ ነበር። ወይም በተቃራኒው በአንድ ቀን በሁሉም ይጸና ነበር። የአጎቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አውሮፓውያኑ ይህን ፍርድ ቤት ሲያቋቁሙ ከውጭ ሰው ጋር አልነበረም የተጣሉት፤ ከየራሳቸው ሕገ መንግሥት ጋር ነው። ትልቁ ግብግብ ጀርመን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የጀርመን ምክር ቤት ስምምነቱን የሚያጸድቀውን ሕግ ድምፅ ሲሰጥበት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት 35 ገደማ አባላት ናቸው። ከስድስት መቶ በላይ አባላት ካሉት ምክር ቤት 35! ተቃውሞ አልነበረም፣ በአንድ ድምፅ አለፈ። የዱሰልዶርፍ ከተማ አንድ ጠበቃ ግን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አቤት አለ። ነገሩ ሦስት ዓመት ቆይቶ በየካቲት 2020 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ3 ድምፅ ሕጉን ዋጋ ቢስ አደረገው።

ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። ፍርድ ቤቱ «የጋራ ፍርድ ቤት መጥፎ ነው» አላለም። ያለው በኔ አነጋገር ይህን ነው፦ የአገርን የዳኝነት ሥልጣን ለውጭ ተቋም ማስተላለፍ ሕገ መንግሥትን እንደ ማሻሻል ነው፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥት በሚሻሻልበት ድምፅ፣ በሁለት ሦስተኛ፣ መወሰን ነበረበት። ያ ሳይሆን ሲቀር የተጎዳው ምክር ቤቱ ብቻ አይደለም፣ መራጩ ዜጋ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ሥልጣኑ በአግባቡ እንዲያዝለት ነበርና። የመምረጥ መብትን የሚመለከተው የጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ነው። የእኛም የመምረጥ መብት አንቀጽ 38 ላይ ነው የተቀመጠው። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ጀርመኖች ምን አደረጉ? አላኮረፉም። በኅዳር 2020 እንደገና ድምፅ ሰጡ፦ 571 ድጋፍ፣ 73 ተቃውሞ። ሁለት አዲስ አቤቱታዎች ደግሞ መጡ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2021 ሕጉ ይታገድ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበለም። በሩም ተከፈተ። አንድ ጠበቃ የአውሮፓን ግማሽ ሦስት ዓመት አስጠበቀ ብለው የተናደዱ ነበሩ። እኔ ግን ቀናሁ።

ሌሎቹም በየመንገዳቸው ተፈትነዋል። ዴንማርክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥልጣን ለማስተላለፍ ከምክር ቤቱ አምስት ስድስተኛ ድምፅ ካልተገኘ ሕዝቡ ይጠየቃል፤ አልተገኘምና በግንቦት 2014 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 62.5 በመቶ «ይሁን» አለ። አየርላንድ ያለ ሕዝበ ውሳኔ መግባት አልችልም ብላ ለሰኔ 2024 ቀጠሮ ይዛ ነበር፣ አራዘመችው። የሃንጋሪ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2018 «አሁን ባለው ሕገ መንግሥታችን ይህን ማጽደቅ አይቻልም» አለ፤ ሃንጋሪ እስካሁን ውጭ ናት። ስፔን ደግሞ አዲሱ የጋራ ፓተንት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ላይ መቆሙ አድልዎ ነው ብላ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በ2015 ተረታች። ተረታችም አልገባችም። የቋንቋዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ያ ፍርድ ቤት ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ልግባ ብትልም አትገባም። ግን ተመሳሳይ በር በአፍሪካም አለ። ዋና ቢሮው ያውንዴ የሆነው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለ17 አገሮች አንድ ፓተንት ይሰጣል፤ በአንዱ አገር ስለ ፓተንቱ መጽናት የተሰጠ የመጨረሻ ፍርድም በመርህ ደረጃ ሌሎቹን ያስራል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በ2016 የመላው አፍሪካን የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት የሚያቋቁም ሰነድ ተቀብለዋል፣ መቀመጫው ቱኒዝያ እንዲሆን። በየካቲት 2023 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የአህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል ተቀባይነት አገኘ። የዓለም ንግድ ድርጅትን ለመቀላቀል የምናደርገው ድርድርም ፓተንትን ሳይነካ አያልፍም። አንድ ቀን «የጋራ ዳኛ ይኑረን» የሚል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል። ያን ቀን ሕገ መንግሥታችን ምን ይላል?

አንቀጽ 55 ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ነው ይላል፤ የሚያወራውም ስለ ፌዴራልና ስለ ክልል ፍርድ ቤቶች እንጂ ስለ ማንሃይም ወይም ስለ ያውንዴ አይደለም። አንቀጽ 78 የዳኝነት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤት ነጥቆ በሕግ የተደነገገ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም ይከለክላል። «ሥልጣኑን ወደ ውጭ ማስተላለፍ ይቻላል» የሚል አንቀጽ ግን የለንም። «አይቻልም» የሚልም የለንም። ጀርመኖች ስለዚህ በግልጽ የሚናገር አንቀጽ እያላቸው ተሳሳቱ፤ እኛ አንቀጹም የለን።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ ካልኩሌተር ክፈቱ። በምክር ቤቱ 547 ወንበር አለ። ሙሉ ነው እንበል። ስብሰባ ለመጀመር ከግማሽ በላይ ይበቃል፦ 274። ውሳኔ የሚያልፈው በተገኙት አብላጫ ነው፦ 138 እጅ። 138 ሰው እጁን ቢያወጣ በጤፍ፣ በገብስ፣ በቡና፣ በመድኃኒት ላይ የሚነሳ የፓተንት ክርክር ከአገር ሊወጣ ይችላል። ያንኑ ፍርድ ቤት የሚመለከተውን አንቀጽ በግልጽ እናሻሽል ብንል ግን አንቀጽ 105 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እንዲስማሙ ይጠይቃል። ያኔ ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት ይጠየቃል ማለት ነው። በስምምነት ስም ሲመጣ ግን ማንም አይጠይቀውም። በፊት ለፊት በር ለመግባት ይህ ሁሉ ጥበቃ፣ በጓሮ በር 138 ሰው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የዳኝነት ሥልጣንን ለውጭ ተቋም የሚሰጥ ማንኛውም ስምምነት በአንቀጽ 105 መንገድ መሄድ አለበት። እንደ ተራ የብድር ስምምነት በአንድ ከሰዓት በኋላ መጽደቅ የለበትም።

የሕግ ጓደኞቼ በዚህ ይከራከሩኛል። አንዱ «የውጭ ግልግል ዳኝነትን በኒውዮርኩ ኮንቬንሽን በኩል በ2012 ዓ.ም. ተቀብለን የለም እንዴ? ያኔ ማን አንቀጽ 105ን አነሳ?» አለኝ። ጥሩ ነጥብ ነው። ግን በግልግል ሁለቱ ወገኖች ወደውና ፈርመው ነው የሚሄዱት። በፓተንት ፍርድ ቤት ያልፈረመ ሰው ነው የሚከሰሰው። ጎንቻ ላይ ጤፍ የሚያበጥር ወይም ሞጣ ላይ የጤፍ ዱቄት አሽጎ ለውጭ ገበያ ለመላክ የሚያስብ ወጣት ከማን ጋር ተዋዋለ? ሌላዋ ጓደኛዬ የባሰ ነው ያለችኝ፦ «የእኛን ፍርድ ቤት ታምናለህ? ፓተንት የሚገባው ዳኛ ስንት አለን? ጤፉን የሰረዘልህ የፈረንጅ ዳኛ አይደል?» እዚህ ላይ ትንሽ ተሸነፍኩ። እውነት ነው። የእኛው የፈጠራ አዋጅ፣ ቁጥር 123፣ ከወጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት የረባ የፓተንት ክርክር በችሎት ሰምተናል? የጋራ ፍርድ ቤት በሙያ ይበልጠን ይሆናል። የምለው ግቡ ወይም አትግቡ አይደለም። ገብተን እንደሆነ እንወቀው ነው የምለው።

ማወቅ ደግሞ ከቋንቋ ይጀምራል። ስፔንን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። እስቲ አንድ የስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው፦ አጭር ርዕስ፣ «ስምምነቱ በዚህ አዋጅ ጸድቋል»፣ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ስም፣ የሚጸናበት ቀን። ስምምነቱ ራሱ የት አለ? አብሮ አልታተመም። የአገሪቱ ሕግ አካል የሆነ ነገር በአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ተጽፎ አይገኝም። የፓተንት ጽሑፍ በእንግሊዝኛም ቢሆን መከራ ነው፤ የጤፉን ፓተንት ለማንበብ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ስለማውቀው እህል።

ደግሞ ማን አቤት ይላል? ዱሰልዶርፍ ያለው ጠበቃ እንደ ተራ ዜጋ፣ እንደ መራጭ ነው የሄደው። በእኛ አገር አቤቱታው የሚሄደው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው፣ ከዚያ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው ሲራዘም የጉባዔውን ውይይት በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተናል፤ ስለዚህ ተቋሙ እንዳለ እናውቃለን። አንድ የግንደወይን ገበሬ «ስምምነቱ በማይገባው ድምፅ ጸድቋል፣ የመምረጥ መብቴ ተነክቷል» ብሎ ቢመጣ ግን «አንተን በቀጥታ ምን ነካህ?» ተብሎ ከበር ሳይመለስ ይሰማል? እኔ እንጃ። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲ ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል፤ መንግሥት የሚገባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም የአገሪቱን የማያቋርጥ ዕድገት መብት የሚያስከብሩ ይሁኑ ይላል። በ1997 ዓ.ም. የጤፉ ውል ሲፈረም አጎቴ አልተጠየቁም። ቢቸናም አልተጠየቀም፣ አዳም አልተጠየቀም።

ስለዚህ ቀጣዩ ስምምነት ሲመጣ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት ሙሉ ጽሑፉ በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎቻችን ስልካችን ላይ ይድረስ። «ይህ የዳኝነት ሥልጣንን ይነካል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከድምፁ በፊት ለአጣሪ ጉባዔው ይቅረብ፤ ሃንጋሪዎች ከማጽደቃቸው በፊት ጠይቀው መልሱን አግኝተዋል። ይነካል ከተባለ ሁለት ሦስተኛው ይቆጠር፣ የክልል ምክር ቤቶችም ይጠየቁ። ይህን የምጽፍላችሁ የሕግ ተማሪ ስለሆናችሁ አይደለም፤ የ138ቱን እጅ ቪዲዮ ነገ ቲክቶክ ላይ የምታዩት እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

አጎቴን በሳምንቱ መልሼ አግኝቻቸዋለሁ። «ያ ዳኛ በሌላ በኩል ቢፈርድ ኖሮ በእዚያ አገር ጤፍ ለመሸጥ ፈረንጁን ማስፈቀድ ነበረብን» አልኳቸው። «ለእሱማ ገና መቼ ሸጥን» ብለው ሳቁ። ከዚያ ውቂያው በጥር እንደሆነና ዘንድሮ ማኛው ጥሩ እንደያዘ ነገሩኝ።